ተማሪዎች ለሐሳባቸው ከምንባብ ማስረጃ እየጠቀሱ እንዲጽፉ ማስተማር፦ ለወላጆች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ማብራሪያ

በየዓመቱ በርካታ ወላጆችና አሳዳጊዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሣሉ። «ልጄ ምንባቡን አንብቧል፣ መልሱንም ያውቃል፤ ታዲያ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ለምን ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ?» የሚል ነው። የደብተሩ ወይም የመልስ ወረቀቱ ዳርቻ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የመምህሩ አስተያየት አጭር ሆኖ ይገኛል፦ «ማስረጃ የለውም»፤ «አብራራ»፤ «በራስህ አገላለጽ ጻፍ»። እነዚህ ሦስት አጫጭር አስተያየቶች የሚያመለክቱት አንድን የትምህርት ክህሎት ነው። ይኸውም ተማሪው የያዘውን ሐሳብ ካነበበው ጽሑፍ በተገኘ ማስረጃ አስደግፎና የማስረጃውን ትርጉም አብራርቶ የመጻፍ ችሎታ ነው።

ይህ ጽሑፍ ክህሎቱ ምን እንደሆነ፣ ተማሪዎች የሚቸገሩት የት ላይ እንደሆነ፣ በክፍል ውስጥ በምን ቅደም ተከተል ሊሰጥ እንደሚችል፣ እንዲሁም ወላጆች በቤት ውስጥ ምን ሊያግዙና ከትምህርት ቤት ምን ሊጠይቁ እንደሚችሉ በምሳሌ አስደግፎ ያብራራል።

1. ከምንባብ የሚገኝ ማስረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

ከምንባብ የሚገኝ ማስረጃ ማለት አንድ ተማሪ የሰጠው መልስ ወይም የያዘው አቋም ትክክል መሆኑን ለማሳየት ካነበበው ጽሑፍ መርጦ የሚያቀርበው ቃል፣ ዓረፍተ ነገር፣ አኃዝ፣ ድርጊት ወይም ገለጻ ነው። ዋናው መመዘኛ ሌላ አንባቢ ያንኑ ጽሑፍ ገልጦ ማስረጃውን በዓይኑ ማየት መቻሉ ነው።

በዚህ መመዘኛ መሠረት «ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው» የሚለው አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። «ሲባል ሰምቻለሁ» የሚለውም የስሚ ስሚ በመሆኑ አያገለግልም። ተማሪው በራሱ ሕይወት ያየው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የግል ገጠመኝን ለሚጠይቅ ድርሰትም ተገቢ ነው። ጥያቄው «በምንባቡ መሠረት» የሚል ከሆነ ግን የሚፈለገው በምንባቡ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት ይህን ልዩነት ባለማስተዋላቸው ነው።

አሠራሩ ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደለም። በአገር ባህል የሙግት ሥርዓት ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ እማኝ ይቆጥራል። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ትምህርትም መምህሩ አንድን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በተለያየ መንገድ ሲተረጉም፣ ለትርጓሜው ድጋፍ የሚሆነውን ምስክር ከሌላ ስፍራ ያመጣል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከተማሪው የሚጠብቀውም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ለተናገረው ነገር ምስክሩን እንዲያቀርብ ይፈልጋል።

2. አንድ ምንባብና አራት መልሶች

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ ለዚህ ማብራሪያ የተዘጋጀውን የሚከተለውን አጭር ምንባብ እንመልከት። ለመጥቀስ እንዲያመች ዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል።

«(1) ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። (2) በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ በመመናመኑ ከተማዋ ከባድ የእንጨት እጥረት ገጥሟት ነበር። (3) ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ እጥረቱን ለማቃለል ረዳ። (4) ዛሬም ብዙ ገበሬዎች ዛፉን ለአጣናና ለማገዶ እየሸጡ ገንዘብ ያገኙበታል። (5) በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ከመሬት ውስጥ ብዙ ውኃ ይስባል። (6) በእርሻ ዳር ሲተከል ከአጠገቡ ያለው ሰብል ምርት ይቀንሳል። (7) በዚህ ምክንያት ከማሳና ከምንጭ ርቆ እንዲተከል ባለሙያዎች ይመክራሉ።»

ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ «ባሕር ዛፍ መትከል ለገበሬው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? አቋማችሁን ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።»

የመጀመሪያው መልስ፦ «ባሕር ዛፍ በጣም ጎጂ ነው። ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው መሬት ያደርቃል። ስለዚህ ማንም ሰው መትከል የለበትም።»

ይህ ተማሪ አቋም አለው፤ ማስረጃ ግን የለውም። ምንባቡን ያላነበበ ሰውም ይህንኑ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩ «ማስረጃ የለውም» ብሎ የሚጽፈው እንዲህ ባለው መልስ ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከተራ ቁጥር 3 እስከ 6 ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ የገለበጠ ነው እንበል። ይህ ተማሪ በተቃራኒው ማስረጃ አለው፤ አቋም ግን የለውም። ለጥቅሙም ለጉዳቱም ማስረጃ የሚሆኑትን ሳይለይ በአንድነት ስለገለበጠ፣ የተረዳው ነገር ይኑር አይኑር ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ወላጆች «ሙሉ ገጽ ጽፎ እንዴት ነጥብ ያጣል?» የሚሉት እንዲህ ያለውን መልስ ሲያዩ ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ «ባሕር ዛፍ ይጎዳል። በምንባቡ ላይ ‹ባሕር ዛፍ ከመሬት ውስጥ ብዙ ውኃ ይስባል› ይላል።»

ይህ ከሁለቱ የተሻለ ነው፤ አቋምም ማስረጃም ይዟል። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዛፍ ብዙ ውኃ መሳቡ ገበሬውን የሚጎዳው እንዴት ነው? ተማሪው መልሱን በልቡ ያውቀው ይሆናል፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልጻፈውም። «አብራራ» የሚለው አስተያየት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው መልስ፦ «ባሕር ዛፍ በእርሻ ዳር ከተተከለ ለገበሬው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ምንባቡ በስድስተኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚገልጸው በእርሻ ዳር ሲተከል የአጠገቡ ሰብል ምርት ይቀንሳል። የገበሬው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚገኘው ከሰብሉ በመሆኑ፣ ከዛፉ ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ የጎደለውን እህል ለመግዛት ሊያውለው ይችላል። እርግጥ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር እንደተጠቀሰው ብዙ ገበሬዎች ዛፉን በመሸጥ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ይህ ጥቅም ግን ዛፉ ከማሳ ርቆ ቢተከልም አይቀርባቸውም። ስለዚህ ገበሬው ባሕር ዛፍ መትከል ቢፈልግ አስቀድሞ የሚተክልበትን ቦታ መምረጥ አለበት።»

ይህን አንቀጽ የጻፈ ተማሪ ያከናወነውን ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ «ይጠቅማል» ወይም «ይጎዳል» ብሎ ብቻ አልተወም፤ «በእርሻ ዳር ከተተከለ» በማለት አቋሙን ማስረጃው በሚደግፈው ልክ ወስኖታል። ማስረጃውን ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳገኘው ተናግሯል። ማስረጃው ከአቋሙ ጋር እንዴት እንደሚገናኝም በራሱ ቃል አስረድቷል፤ ስለ ቀለብና ስለ እህል መግዣ የተጻፈው በምንባቡ ውስጥ የለም፣ የተማሪው የራሱ አስተሳሰብ ነው። በመጨረሻም ከአቋሙ ጋር የሚቃረነውን ማስረጃ ሳይሸሽግ አንሥቶ መልስ ሰጥቶበታል።

3. ሦስቱ የአንቀጽ ክፍሎች፦ አቋም፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ

ከላይ የቀረቡት አራት መልሶች እንደሚያሳዩት በማስረጃ የተደገፈ አንቀጽ ቢያንስ ሦስት ክፍሎች አሉት። አቋም «ምን እላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ማስረጃ «ከየት አገኘሁት?» ለሚለው፣ ማብራሪያ ደግሞ «ይህ ማስረጃ ያልኩትን እንዴት ያሳያል?» ለሚለው መልስ ነው።

ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ማብራሪያው ነው። ምክንያቱም ተማሪው ማስረጃውን ሲመርጥ ግንኙነቱ ለእርሱ ግልጽ ነው፤ ለአንባቢውም የዚያኑ ያህል ግልጽ የሆነ ይመስለዋል። በመሆኑም ክህሎቱን ለማስተማር የሚመደበው ጊዜ በአብዛኛው በማብራሪያው ላይ ቢውል ይመረጣል። ተማሪዎች ከምንባብ ውስጥ ዓረፍተ ነገር መርጦ ማውጣትን ቶሎ ይለምዱታል፤ «ይህ የሚያሳየው…»፣ «ከዚህ የምንረዳው…»፣ «ይህም ማለት…» ብለው የራሳቸውን ሐሳብ ለመቀጠል ግን ተደጋጋሚ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል።

4. ቃል በቃል መጥቀስ መቼ ያስፈልጋል? በራስ አገላለጽ መጻፍስ?

ማስረጃን በሁለት መንገድ ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው የጸሐፊውን ቃል ሳይለውጡ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የጸሐፊውን ሐሳብ በራስ አገላለጽ መጻፍና ምንጩን መጥቀስ ነው። በሁለቱም መንገድ ምንጩ መነገር አለበት።

በአብዛኛው የትምህርት ቤት ጽሑፍ በራስ አገላለጽ መጻፍ ተመራጭ ነው፤ ተማሪው ሐሳቡን መረዳቱን ያሳያልና። ቃሉ ራሱ የጉዳዩ ቁልፍ ሲሆን ግን ቃል በቃል መጥቀስ ግዴታ ይሆናል። ለዚህ ከታሪክ ትምህርት አንድ የታወቀ አብነት እንውሰድ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ የተዘጋጀ ነበር። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ የኢጣልያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የጣልያንኛው ቅጂ ይህንኑ ግዴታ አድርጎ አስቀምጦታል። ኢጣልያ በዚህ አንቀጽ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእርሷ ጥበቃ ሥር ናት የሚል ጥያቄ አነሣች፤ ኢትዮጵያም አልተቀበለችውም። አለመግባባቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደተካሄደው የዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ስለ ዐድዋ ጦርነት መንሥኤ የሚጽፍ ተማሪ «ኢጣልያ ኢትዮጵያን አታለለች» ብሎ ቢያቆም አቋሙን ብቻ ተናግሯል። «በውጫሌ ውል ምክንያት ጦርነት ተነሣ» ቢል ደግሞ ማስረጃውን ጠቆመ እንጂ አላቀረበም። የሁለቱን ቅጂዎች ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን አገር ሉዓላዊነት እንዴት እንደሚነካ ሲያብራራ ግን አንባቢው የነገሩን ሥር ይረዳል። እንዲህ ባለው ጊዜ የአንድ ግሥ አገባብ ትልቅ ጉዳይ ስለሚሆን፣ በራስ አገላለጽ መተካት ማስረጃውን ያጠፋዋል።

ስለ ጥቅስ ርዝማኔም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ጥቅሱ ለአቋሙ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። ከተማሪው የራሱ ጽሑፍ ይልቅ ጥቅሱ የሚረዝምበት አንቀጽ፣ ሁለተኛው መልስ ላይ ወደተመለከትነው ግልባጭ ይመለሳል።

5. ማስረጃው ከልብ ወለድ ሲሆን

መረጃ ሰጪ በሆነ ምንባብ ማስረጃው በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በልብ ወለድ ግን ደራሲው ስለ ገጸ ባሕርይው ሁሉንም ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ አንባቢው ከንግግሩ፣ ከድርጊቱና ሌሎች ስለ እርሱ ከሚሉት ነገር አገናዝቦ ይደርስበታል። ስለዚህ ተማሪው «ይህን የሚለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን መልመድ አለበት።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እንደ እብድ ይታያል። «ጉዱ ካሣ እብድ ነው፤ ምክንያቱም በመጽሐፉ ውስጥ እብድ ተብሏል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማስረጃ ያቀረበ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ የገጸ ባሕርያቱ እንጂ የደራሲው ፍርድ አይደለም። ተማሪው ጉዱ ካሣ ስለ ዘመኑ የባላባት ሥርዓት የሚናገረውን ጠለቅ ብሎ ካነበበ፣ ሰውየው «እብድ» የተባለው ሌሎች ሊናገሩት ያልደፈሩትን ስለተናገረ መሆኑን ከራሱ ከጽሑፉ ማስረጃ ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ ሁለት ተማሪዎች የተለያየ አቋም ቢይዙ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሊያገኙ የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ መምህሩ የሚመዝነው አቋሙ በማስረጃ መጽናቱን ነውና።

6. ማስረጃ መጥቀስና ኩረጃ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ኩረጃን መከላከል እንደነበር ይታወሳል። በፈተና አዳራሽ የሚደረገውን ኩረጃ በጥበቃና በቁጥጥር መቀነስ ይቻላል። ከመጽሐፍ፣ ከጓደኛ ደብተር ወይም ከኢንተርኔት ወስዶ የራስ አስመስሎ መጻፍ ግን ኩረጃ መሆኑን ብዙ ተማሪዎች አያውቁትም። ማንም ስላላስተማራቸው «ጥሩ ጽሑፍ አግኝቼ ጻፍኩ» ብለው ያምናሉ።

የሌላን ሰው ሐሳብ መጠቀም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ባለቤቱን አለመናገር ነው። ምንጩን የሚናገር ተማሪ ኩረጃ አልፈጸመም፤ እንዲያውም ጽሑፉን አጠናክሯል። ስለሆነም ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ «በመማሪያ መጽሐፋችን ገጽ … እንደተገለጸው» ብሎ መጻፍን ማስለመድ፣ ተማሪው በኋላ በዩኒቨርሲቲ ለሚጠበቅበት የጥናት ጽሑፍ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

7. እንደ ክፍል ደረጃው እንዴት ይሰጣል?

በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አጠቃላይ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ (ከ1ኛ–6ኛ ክፍል)፣ የመካከለኛ ደረጃ (7ኛና 8ኛ ክፍል) እና የሁለተኛ ደረጃ (ከ9ኛ–12ኛ ክፍል) ተብሎ የተዋቀረ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ለመምህራንና ለወላጆች እንደ መነሻ ሊያገለግል ይችላል።

• በታችኛዎቹ ክፍሎች ሥራው በቃል ይጀምራል። መምህሩ ተረት ካነበበ በኋላ «ጦጣዋ ብልህ ናት ያልከው ለምንድን ነው? የትኛው ቦታ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕፃኑ ጣቱን በዓረፍተ ነገሩ ላይ ያሳርፋል።

• በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ተማሪው መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «ምክንያቱም በምንባቡ ላይ…» የሚለው መነሻ ይበቃዋል።

• በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ማብራሪያው ይጨመራል። ተማሪው አንድ ሙሉ አንቀጽ ሲጽፍ አቋሙን፣ ማስረጃውንና ማብራሪያውን በሦስት የተለያየ ቀለም ወይም በሦስት ዓይነት መስመር እያሰመረ ራሱን ይፈትሻል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በዓይን ይታየዋል።

• ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚቃረን ማስረጃን ማንሣት፣ ሁለት ጽሑፎችን ማነጻጸርና ቃል በቃል ጥቅስን ከራስ አገላለጽ ጋር አዋሕዶ መጠቀም ይቀጥላል።

በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ተጨማሪ ጫና እንደሚፈጥር መገንዘብ ያስፈልጋል። ተማሪው ሐሳቡን በራሱ አገላለጽ ለመጻፍ የሚበቃ የቃላት ክምችት ሲያጥረው መገልበጥ ይቀለዋል። ይህን ለማቃለል ተማሪው አቋሙንና ማብራሪያውን በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በቃል እንዲናገር፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ማድረግ ይረዳል። በአንድ ቋንቋ ማስረጃ መመዘንን የተማረ ልጅ ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል።

8. ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል

መምህራን የሚያነሡት ተገቢ ጥያቄ «በክፍሌ ካለው የተማሪ ቁጥር አንጻር ይህን ሁሉ ጽሑፍ እንዴት አርማለሁ?» የሚል ነው። ሙሉ ድርሰት ማስጻፍ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ አንቀጽ በቂ ልምምድ ነው። በእርማትም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ይቻላል፤ በዚህ ሳምንት ማስረጃው ከየት እንደተገኘ መገለጹን፣ በሚቀጥለው ደግሞ ማብራሪያው መኖሩን። ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው «ማስረጃው የትኛው ነው? ማብራሪያውስ?» እያሉ የጓደኛቸውን አንቀጽ ቢያሰምሩ፣ የመምህሩ ሥራ ከመቅለሉም በላይ ተማሪው በሌላው ጽሑፍ ያየውን ጉድለት በራሱ ላይ ማየት ይጀምራል። አንድ ደካማ መልስ ያለ ስም በሰሌዳ ላይ ጽፎ ከክፍሉ ጋር ማሻሻልም ውጤታማ መንገድ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የተዘጋጀ በመሆኑ «ጽሑፍ ማስተማር ለፈተና ምን ይረዳል?» የሚሉም አሉ። የአንብቦ መረዳት የምርጫ ጥያቄ ራሱ የማስረጃ ጥያቄ ነው። ከአራቱ አማራጮች ብዙውን ጊዜ አንዱ በዓለም ላይ እውነት ሆኖ በምንባቡ ውስጥ የሌለ፣ ሌላው ከምንባቡ ቃል ወስዶ ትርጉሙን ያዛባ ይሆናል። «ይህን የሚለው የት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ተማሪ እንዲህ ባሉ አማራጮች በቀላሉ አይታለልም።

9. ወላጆችና አሳዳጊዎች በቤት ውስጥ ምን ሊያግዙ ይችላሉ?

ይህን ክህሎት ለማገዝ ከፍተኛ ትምህርት መማር ግዴታ አይደለም። ማንበብ የማይችል ወላጅም ሊያግዝ ይችላል። ልጁ ያነበበውን እንዲተርክ ካደረጉ በኋላ ሁለት ጥያቄዎችን ማስከተል ይበቃል፦ «ከየት አገኘኸው?» እና «እንዴት ያሳያል?»። የመጀመሪያው ልጁን ወደ መጽሐፉ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው እንዲያብራራ ያደርገዋል። ጥያቄው የምርመራ ቃና እንዳይኖረው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ ወላጁ በእውነት ማወቅ እንደፈለገ ሲሰማው በነፃነት ያስረዳል።

ልጁ በቤት ውስጥ ፈቃድ ሲጠይቅም ለልምምድ ጥሩ አጋጣሚ ነው። «ጓደኞቼ ሁሉ ይሄዳሉ» ሲል «ማን ማን? በምን አወቅህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ፣ የሚያጠናክር ማስረጃ ይዞ መምጣትን ይለምዳል። ያቀረበው ምክንያት አጥጋቢ ሆኖ ሲገኝም ወላጁ ሐሳቡን ለመለወጥ ፈቃደኛ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ማስረጃ ማቅረብ ዋጋ እንዳለው ልጁ የሚያምነው ያን ጊዜ ነው።

መወገድ ያለበት ደግሞ የቤት ሥራውን ለልጁ ሠርቶ መስጠት ነው። ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ የጻፈው የተዋበ አንቀጽ ለአንድ ቀን ነጥብ ያስገኝ ይሆናል፤ ልጁ ብቻውን በሚቀመጥበት ፈተና ላይ ግን አይደርስለትም።

10. ከትምህርት ቤቱ ምን መጠየቅ ይቻላል?

ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጃቸውን የጽሑፍ ሥራ በሚመለከት የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ።

ሀ. የታረመ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራና የመልስ ወረቀት ማየት። ነጥቡን ብቻ ከማየት ይልቅ በዳርቻው የተጻፈውን አስተያየት ከልጁ ጋር ማንበብ ይበልጥ ይጠቅማል።

ለ. ጽሑፍ የሚታረምበትን መመዘኛ ማወቅ። ለአቋም፣ ለማስረጃ፣ ለማብራሪያና ለቋንቋ አጠቃቀም ስንት ነጥብ እንደተመደበ ተማሪው ከመጻፉ በፊት ቢነገረው ይመረጣል።

ሐ. ልጁ በተደጋጋሚ የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ መምህሩን ማነጋገር። «ጎበዝ አይደለም» የሚል መልስ ለማሻሻል አይረዳም፤ «ማስረጃ ያቀርባል፤ አያብራራም» የሚል መልስ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ያሳያል።

መ. ልጁ ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ በትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ።

ጥያቄው በቅድሚያ ለትምህርት ዓይነቱ መምህር ይቀርባል። በዚያ ካልተፈታ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ከዚያም ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ ይቻላል። የብዙ ወላጆች የጋራ ጉዳይ ከሆነ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ቢነሣ መፍትሔው ከአንድ ልጅ አልፎ ለሌሎችም ይደርሳል። አቤቱታ የሚያቀርቡ ወላጆችም የልጁን ደብተር ወይም የመልስ ወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ይመከራል፤ «በዚህ ገጽ ላይ እንደሚታየው» ብሎ የሚጀምር አቤቱታ ፈጣንና ግልጽ ምላሽ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

11. ከክፍል ውጭ

ዛሬ በአንቀጽ ደብተሩ ላይ ማስረጃ መጥቀስን የሚማር ልጅ ነገ የሥራ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ይግባኝ ይጠይቃል፤ ውል ይፈርማል። ማመልከቻው የሚሰማለት «በድያለሁ ተበድያለሁ» ከማለት አልፎ የተበደለበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ፣ ከመመሪያው የትኛው እንደተጣሰ ሲያመለክት ነው። ከመፈረሙ በፊትም «ይህን የሚለው የትኛው አንቀጽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በስልኩ የሚደርሰውን ወሬ ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት ምንጩን ይፈልጋል።

ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ልማድ የሚገነባው በአንድ ቀን ትምህርት አይደለም። መምህሩ በክፍል፣ ወላጁም በቤት ውስጥ ልጁ መልስ በሰጠ ቁጥር እነዚያኑ ሁለት ጥያቄዎች ሳይሰለቹ ሲጠይቁት፣ ልጁ ውሎ አድሮ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።